ለጤነኛው ፈረስ የሰጠሁት ዱቄት

ዛሬ ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። የምጽፈው አዳማ፣ በገዛ ቤቴ፣ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኋትም። ለልጆቼ አልነገርኋቸውም። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም የምንበረከክላቸው የነፍስ አባቴ፣ "ሌላስ፣ ልጄ?" ባሉኝ ቁጥር፣ "ሌላ የለም፣ አባቴ" እያልሁ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በመስቀላቸው ሥር ዋሽቻለሁ።

በቀጥታ ልናገር። ሕመም የሌለበት ፈረስ፣ የማያስፈልገውን ነገር ከእጄ ተቀብሎ ሞተ። እኔ የሞተበትን ምክንያት እያወቅሁ፣ ሽማግሌ ተብዬ በተቀመጥሁበት ወንበር ላይ፣ ጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ። ፈረሱን የገደልሁት ባለማንበቤ ነው። ሰውየውን የበደልሁት ግን አንብቤ፣ አውቄ፣ አስቤበት ነው።

የተማርሁት የእንስሳት እርባታ ነው። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት እንስሳ ምን እንደሚበላና ለምን እንደሚበላ ተማርሁ፤ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ በስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች በመንግሥት ሥራ ስዞር ኖርሁ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም የሰፈሬ ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለኝ ነበር። የዕድር ቃለ ጉባኤ ላይ ቀኑ ተሳስቶ ከተጻፈ ሳላስተካክል የማልፈርም፣ የሰውን ሆሄ ሳይጠይቀኝ የማርም እኔ፣ ይህችን ስሕተት አላረምኋትም። ለምን? ደስ ስለምትለኝ ነዋ። ሌላ ምክንያት አልፈልግላትም።

በዳዳ ከቤቴ በሦስተኛው በር የሚኖር የጋሪ ባለቤት ነበር። ያን ጊዜ ከመናኸሪያ የወረደ መንገደኛ ወደየሰፈሩ የሚገባው በጋሪ ነው፤ ባጃጅ ከተማውን ገና አልሞላውም። በዳዳ አንድ ፈረስ ብቻ ነበረው፤ መልኩ ዳማ፣ ስሙም ዳማ። ጠዋት በዳዳ ራሱ ይነዳዋል፤ ከምሳ በኋላ ታናሽ ወንድሙ ቱፋ ዛቡን ይረከበዋል። ቱፋ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ፣ ትዳር ከያዘ ዓመት ያልሞላው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር። ሁለት ቤተሰብ በዚያ አንድ ፈረስ ያድር ነበር።

በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ፈረሱን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።

"አካም ቡልተን፣ ዶክተር!" አለ በዳዳ። "ዳማን ይዩልኝ።"

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ለዚያ ነው ያመጣሁት። ጋሪ ተራ ላይ ያሉት ሁሉ ለፈረሶቻቸው ቫይታሚን ጀምረዋል። የኔ ብቻ ነው በባዶ ፉርሽካ የሚሮጠው።"

ቱፋ ልጓሙን ይዞ ሳቀ። "ዶክተር፣ ቫይታሚኑን ለኔ ይስጡኝ። እሱማ ከኔ ይበልጣል፤ ሥጋውን አይተውታል?"

"አንተን ማን ይነዳሃል!" አለው ወንድሙ።

እኔም ፈረሱን መረመርሁ። ድዱን ገልጬ አየሁ፤ ቀለሙ ደህና ነው። ጥርሱን በጣቴ ዳሰስሁ። አራቱንም ሰኮናዎች እያነሳሁ አየሁ፤ ስንጥቅ የለም። ጎኑን በመዳፌ አሻሸሁት፤ የጎድን አጥንቱ ሲዳሰስ ይገኛል እንጂ በዓይን አይታይም፤ ይህም የሚፈለገው ነው። ፋንድያው ሳይቀር የጤነኛ ፈረስ ፋንድያ ነበር። ምን እንደሚበላ ጠየቅሁ። ጠዋት ጭድ በፉርሽካ ተለውሶ፣ ቀን በተራው መሐል የታጨደ ሣር፣ ማታ ድርቆሽ፤ ከግርግሙ አጠገብ የታሰረ አሞሌ ጨው ሲፈልግ ይልሳል። ውሃውን ቱፋ ከቧንቧ እየቀዳ በባልዲ ያጠጣዋል። እሑድ ያርፋል።

ይህ ፈረስ የሚጎድለው ነገር አልነበረም። ጤነኛ ሆኖ፣ በቂ ሣርና ድርቆሽ እያገኘ፣ ንጹሕ ውሃ እየጠጣና ጨው እየላሰ፣ በልክ እየሠራ የሚያርፍ ፈረስ፣ በላዩ የሚነሰነስ ዱቄት አያሻውም። ከስቶ ከሆነ፣ አርጅቶ ከሆነ፣ የሚበላው መኖ አንድ ነገር አጥቶ ከሆነ፣ የጎደለው ተለይቶ ይሰጠዋል። ምንም ባልጎደለበት ላይ መጨመር ግን ጥቅሙ ለሰጪው ልብ ነው እንጂ ለፈረሱ አይደለም። ይህን ተምሬዋለሁ። ለስንት ገበሬም በአፌ አስተምሬዋለሁ።

"ምንም አያስፈልገውም" አልሁት።

ትክክለኛው ቃል ያ ብቻ ነበር፤ ከአፌም ወጥቶ ነበር። ምነው እዚያ ላይ በቆምሁ!

የበዳዳ ፊት ጠቆረ። "ምንም?" አለ። ልጓሙን ከቱፋ ተቀብሎ፣ "እሺ፣ ዶክተር። እንግዲህ የድሃ ፈረስ ነው፤ ምን ይደረጋል" ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

የተሳሳትሁባት ያቺ ቅጽበት ምን ያህል አጭር እንደነበረች ዛሬም ይገርመኛል። በዳዳ እውቀቴን የሰሰትሁበት መስሎታል። ወደ ተማረ ሰው ቤት ገብቶ ባዶ እጁን ሊወጣ ነው። ተራ ላይ ሲጠይቁት "ዶክተሩ ምንም አላወቀም" ሊል ነው። እኔ ይህን መሸከም አቃተኝ። አንድ የጋሪ ነጂ ቅር ብሎት ከበሬ እንዲወጣ መፍቀድ ያቃተኝ እኔ፣ ምን ዓይነት የተማረ ሰው ነኝ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በጓሮዬ ዶሮ አረባ ነበር። ከዶሮ መኖ ጋር የሚቀላቀል፣ የመኖ ነጋዴዎች ፕሪሚክስ የሚሉት ዱቄት ከቢሾፍቱ መጥቶልኝ፣ ግማሽ ከረጢት ተርፎ ነበር። ቫይታሚንና ማዕድን መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ ምን እንዳለበት አላየሁም። የከረጢቱን አፍ ስከፍት ከስፌቱ ጋር የተነሳውን የጽሑፍ ወረቀት፣ እንደ ልማዴ፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ ሳላነብበው።

"ቆይ፣ በዳዳ" አልሁት።

በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት። በቀን ሁለት ማንኪያ፣ ከፉርሽካው ጋር፣ ብዬ አዘዝሁ። በዳዳ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ፤ ፊቱ በራ። ቱፋም ለፈረሱ፣ "በል እንግዲህ፣ አንተም ዶክተር ያዘዘልህ ጌታ ሆንህ!" አለው። ሦስታችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ሰኞ ዱቄቱን ጀመረ። ማክሰኞ ፉርሽካውን ተወ። ረቡዕ ቆሞ ሳለ ያልበው ጀመር። እነዚህን ቀኖች በኋላ ነው የሰማሁት። ቱፋ ለወንድሙ፣ ፈረሱ ደህና አይደለም፤ እናሳርፈው፣ ብሎት ነበር። በዳዳ ግን፣ "መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ ዶክተር የሰጠው ነው" አለው። በእኔ ላይ የነበረው እምነት ነው ፈረሱን ጋሪው ሥር ያቆየው። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ባያምነኝ ኖሮ ፈረሱ ይድን ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቱፋ ሁለት መንገደኞችና ሁለት ማዳበሪያ ጤፍ ጭኖ ዳገቱን ሲጀምር የፈረሱ የኋላ እግሮች ከዱት። ሰው ሮጦ ጠራኝ። ስደርስ ቱፋ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ የፈረሱን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በጃኬቱ ፀሐይ ይከልልለታል። የፈሰሰው ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ነበር። ተንበርክኬ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ፤ ልቡ ሥርዓት በሌለው ሩጫ ይሮጥ ነበር። ከዚያ ቆመ።

በዳዳ እየሮጠ መጣና፣ በፈረሱ ላይ ሳይሆን በወንድሙ ላይ ጮኸ። "ገደልኸው! ስንት ኩንታል ጫንህበት? ገደልኸው!"

ቱፋ የፈረሱን ጋማ በጣቶቹ ያበጥር ነበር።

ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ መሳቢያውን ከፈትሁ፤ መነጽሬን አድርጌ ያን ወረቀት አነበብሁ። ዱቄቱ ውስጥ፣ ከቫይታሚኑና ከማዕድኑ ጋር፣ የዶሮን አንጀት የሚጎዳ ተውሳክ የሚከላከል መድኃኒት ተደባልቆበታል። ከታች፣ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ለፈረስና ለመሰሎቹ እንዳይሰጥ፣ ሊገድል እንደሚችል ተጽፏል። ዶሮን የሚያድነው ነገር ለፈረስ ልብ መርዝ ነው። አንድ ጊዜ አነበብሁት። ሁለተኛ አነበብሁት። አራት ዓመት የተማርሁ እኔ፣ አንድ መስመር ሳላነብ አንድ እንስሳ ገደልሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስሕተት ነው። ስሕተት ይቅር ይባላል። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ልናዘዝ የመጣሁት።

በዚያው ቀን ምሽት ላይ በዳዳ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። "ዶክተር፣ ሆዱ ተከፍቶ ቢታይ ምን እንደ ሆነ ይታወቅ ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀቱ ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። "አያስፈልግም፤ ልቡ ነው" አልሁት። እውነት ነበር፤ ልቡ ነው። በማግሥቱ ሬሳው ከከተማ ውጭ ተጎትቶ ተጣለ፤ ጅብ በላው። ቀጥሎ ወደ በዳዳ ቤት ሄጄ፣ የተረፈውን ዱቄት መልስልኝ፣ ለዶሮዎቼ ይሆነኛል አልሁት። ሰጠኝ። ይህም እውነት ነበር፤ ለዶሮዎቼ ሰጠኋቸው። በእነዚያ ሁለት ቀኖች በእውነት ቃል መዋሸትን ተማርሁ፤ ከተማርሁት ሁሉ ይህን ያህል ቶሎ የገባኝ ትምህርት የለም።

በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል ያለው ጠብ እየከረረ ሄደ። በዳዳ፣ ወንድሜ ትርፍ ጭነት እየጫነ ፈረሴን ገደለብኝ፣ ይላል። ቱፋ፣ አልጫንሁም፣ ይላል። እናታቸው አለቀሱ። በመጨረሻ ሽምግልና ተጠራ። በበዳዳ ግቢ፣ በኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ ሦስት ሰዎች ተቀመጥን፦ የሰፈሩ ታላቅ ሐጂ ሁሴን፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው አቶ ሰይፉ፣ እና እኔ። ነገሩ የእንስሳ ነገር ነው፤ የተማረ ሰው ይኑርበት፣ ተብሎ ነው እኔ የተጨመርሁት። እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢ ብል ግን ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል።

ቱፋ ተነሥቶ ተናገረ። በዚያ ቀን አልቀለደም።

"ዱቄቱን ከጀመረ ወዲህ ነው" አለ። "ሰኞ ሰጠነው፤ ማክሰኞ ፉርሽካውን ተወ። ዱቄቱን የሚለካው እሱ ነው፤ የማበላው እኔ ነኝ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።"

በአጥሩ ዙሪያ ከቆሙት መሐል ሳቅ ተነሣ። "ዶክተሩን ሊያስተምር ነው!" አለ አንዱ። አቶ ሰይፉም፣ "አንተ ቱፋ፣ ፈረስ ስትነዳ ከረምህ እንጂ ስትማር አልከረምህም። ቫይታሚን የገደለው ፍጡር የት አየህ?" ብለው ገሠጹት። ሰዉ እንደገና ሳቀ።

ሐጂ ሁሴን አልሳቁም። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ወደ እኔ ዞሩ። "ዶክተር፣ እርስዎ ይበሉ። ይህ ልጅ የሚለው ነገር ይሆናል?"

እናንተ የምታነቡኝ፣ የመለስሁትን ቃል በቃል እጽፍላችኋለሁ፤ አልረሳሁትም።

"ሐጂ፣ ያ ዱቄት ቫይታሚንና ማዕድን አለበት። ዶሮዎቼ በየቀኑ ይበሉታል፤ አንዲትም አልሞተችብኝም። ፈረስ ግን ሳያርፍ ሸክም ከበዛበት ልቡ ይከዳዋል።"

ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። ፈትሿቸው፤ አንዱም ሐሰት አይደለም። እኔ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ሐሰት ላለመናገር ተጠንቅቄ፣ አንድን ንጹሕ ሰው በእውነት ድንጋይ ወገርሁት። ይማሉ ቢሉኝስ እምል ነበር? እምል ነበር። ያለ ጭንቀትም እምል ነበር፤ ምክንያቱም ቃላቱ ሁሉ ትክክል ነበሩ።

ፍርዱ ቀላል ነበር። ካሣ የለም፤ ምንም የለም። ቱፋ በሽማግሌዎቹ ፊት "አጥፍቻለሁ" ይበል፤ የታላቅ ወንድሙን ጉልበት ይሳም፤ ነገሩ በዚያው ይለቅ። አንዲት ቃል ብቻ። ሐጂ ሁሴን በልመና ድምፅ፣ "በል ልጄ፣ ለእናትህ ስትል" አሉት።

ቱፋ ወንድሙን አየ። ቀጥሎም እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። "ያልሠራሁትን አልናዘዝም" አለ፤ ጃኬቱን ከአጥሩ ላይ አንሥቶ ከግቢው ወጣ።

ሽማግሌ ረግጦ መሄድ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ፈረስ መግደል ይረሳል፤ ሽማግሌ መርገጥ አይረሳም። ከዚያን ቀን በኋላ ቱፋ በሰፈሩ "ሽማግሌ የረገጠው" ሆነ። ሌላ ባለ ጋሪ ፈረሱን አላመነውም። የዕድሩ ሰው ሰላምታውን አሳጠረበት። የሚስቱ ወላጆች፣ ሽማግሌ ያላከበረ ልጃችንን እንዴት ያከብራል፣ አሉ። ሚስቱ ስትወልድ ከወንድሙ ቤት መጥቶ ገንፎ የበላ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዕቃውን ጭኖ ወደ መቂ ሄደ፤ ሽንኩርት በሚጫንበት ሜዳ ላይ ተሸካሚ ሆነ። በዳዳም ጋሪውን ሸጦ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሌላ ፈረስ አልገዛም።

እናታቸው ሲሞቱ ቱፋ ከመቂ ለቀብር መጣ። ከለቀስተኛው ኋላ፣ ከማያውቁት ሰዎች ጋር ቆሞ አፈር ሲመለስ አየ፤ እስከ ድንኳኑ በር መጥቶ ሳይገባ ተመለሰ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ነበርሁ። መሐል ላይ፣ ለታላላቆች በተዘረጋው ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ነበር። ያን ቀን መናገር አልችልም ነበርን? ተነሥቼ ሦስት እርምጃ ብራመድ አልደርስበትም ነበርን? እችል ነበር። እደርስበት ነበር። አልተነሣሁም።

ለራሴ ሳዘጋጅ የኖርሁትን መከላከያም ልንገራችሁ፤ እንዳልደበቅሁት እንዲታወቅ። በዳዳ ካዘዝሁት በላይ ሰጥቶት ይሆናል፤ ሰው ለሚወደው ነገር ማንኪያው ይሞላበታል። ፈረሱ አስቀድሞም የልብ ሕመም ኖሮበት ይሆናል። ሬሳው ስላልተከፈተ ማንም በርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። እነዚህን ሦስቱን በየተራ ስጠቀምባቸው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ስንት ማንኪያ እንደሰጠው በዳዳን ያልጠየቅሁት፣ ብጠይቀው ዱቄቱን ማንሣት ስለሚሆንብኝ ነው። ሬሳው እንዳይከፈት ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ማስረጃውን ለጅብ የሰጠ ሰው፣ ማስረጃ የለም ብሎ መከራከር ይችላልን?

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አንድ ሰው ሊጠይቀኝ መጣ። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ ለመዝናናት የሚመጡ እንግዶች የሚጋልቧቸውን ፈረሶች የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ስለ እኔ ከዘመዱ ሰምቶ ነው። በስልኩ የፈረሶቹን ፎቶ እያሳየኝ፣ "ጋሼ፣ ጤነኞች ናቸው። ግን አሁን ብዙ ዓይነት ነገር በየመደብሩ ይሸጣል። ምን ልጨምርላቸው?" አለኝ።

ምን እንደሚበሉ አንድ በአንድ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። "ምንም አትጨምር" አልሁት።

"ምንም?" አለ፤ ያንኑ የበዳዳን ድምፅ ነው የሰማሁት።

"ምንም። ሣር፣ ድርቆሽ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጨው፣ ዕረፍት። ጥርሳቸውን በየዓመቱ ለሐኪም አሳይ። ለዶሮ የተዘጋጀ መኖ በአጠገባቸው እንዳይደርስ።"

ቅር ብሎት ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ "እስቲ ሌላ ሰው ደግሞ ልጠይቅ" ማለቱን ሰማሁ። እኔም በረንዳው ላይ ቀረሁ። ትክክለኛው መልስ የሚያስከፍለው ይህን ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ቅር ብሎት ይሄዳል፤ ሌላ ምንም አይሆንም። እኔ ይህን ትንሽ ነገር ላለመቀበል ሁለት ወንድማማቾችን ከፈልሁ።

በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል የሚነሣው በሽማግሌ ፊት ነው። ሥርዓቱ ይህ ነው። ነገር ግን ሐጂ ሁሴን ከሞቱ ቆዩ። አቶ ሰይፉም ሞተዋል። ከሦስታችን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በራሴ ላይ ለብቻዬ ልቀመጥ አልችልም። ስለዚህ እናንተን በእነርሱ ወንበር አስቀምጫችኋለሁ። በእናንተ ፊት ያን ቃሌን አነሣለሁ፦ ቱፋ ፈረሱን አልገደለም። ቱፋ እውነቱን ተናገረ። ሽማግሌ የረገጠ እሱ አይደለም፤ ሽምግልናን የረገጥሁ እኔ ነኝ፤ ያውም ወንበሩ ላይ ተቀምጬ።

ቅዳሜ ዕለት መቂ ሄድሁ። ቱፋን ሽንኩርት የሚጭን አይሱዙ አጠገብ አገኘሁት፤ ዛሬ የጫኞቹ አለቃ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ቢሆንም ትከሻዬን ስሞ ወንበር አስመጣልኝ። አልተቀመጥሁም። ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"ለኔ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ ስጨርስ። "እኔማ ያን ቀንም አውቀው ነበር። የማያውቀው ወንድሜ ነው። ለሱ ይንገሩት።"

"ይቅር በለኝ" አልሁት።

"መጀመሪያ ለሱ ይንገሩት" አለ፤ ወደ ጫኞቹ ዞሮም፣ "እናንተ! ከታች ያለው እንዳይጨፈለቅ!" ብሎ ጮኸ። ወደ እኔ አልተመለሰም።

ሰኞ ጠዋት በዳዳን ከሚጠብቀው መጋዘን በር ላይ አገኘሁት። ለእሱም ነገርሁት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያየ ሰማኝ።

"አሥራ ስምንት ዓመት ወንድሜ በደለኝ ብዬ ኖርሁ" አለ በመጨረሻ። "አሁን የበደልኸው አንተ ነህ ሊሉኝ ነው የመጡት?"

"አይደለም፣ በዳዳ። የበደልሁት እኔ ነኝ።"

"እርስዎማ ተናገሩት፤ ቀለለዎት። እኔ በምን ልቅለል? እናቴ ስትሞት ከድንኳኑ በር ላይ አይቼው ፊቴን ያዞርሁት እኔ ነኝ። ያንን እርስዎ አላደረጉትም።"

አብረን ወደ መቂ እንሂድ፣ መኪና እኔ አመጣለሁ አልሁት። የመጋዘኑን በር ከፍቶ ገባ፤ ከውስጥ ቆለፈው።

እኔ ቀለለኝን? ለበዳዳ መልስ ያልሰጠሁት ስለማላውቅ ነው። ቀልሎኝ ከሆነም፣ የቀለለኝ ሸክሙን እሱ ላይ ስለጫንሁት ነው፤ ያም ሌላ በደል ነው። ቢሆንም ዝም ማለት ነበረብኝ አልልም። ይቅርታ እንድታደርጉልኝ አልጠይቃችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ዕድሜዬን፣ ዕውቀቴን፣ ጊዜው መራቁን ምክንያት አላደርግም። ፈረሱ ጤነኛ ነበር። እኔ ዱቄት ሰጠሁት። ሲሞት አነበብሁ። ሲጠይቁኝ አልተናገርሁም።

ያልተቋጨው ይህ ነው። ፈረሱ በዱቄቱ ስለ መሞቱ ማረጋገጫ አይገኝም። ቱፋ ይቅር አላለኝም፤ አልልም ብሎም አልተናገረም። ዛሬ ጠዋት በመጋዘኑ በር በኩል አለፍሁ፤ በዳዳ ተቀምጧል። እስከዚህ ሰዓት ድረስ ወደ መቂ አልሄደም።